ሣጥኑ ውስጥ ያልገባው ወረቀት

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል «ጣቴን አልሰጥም» ያለ አንድ እንኳ አልነበረም?

ኤልቃና ደልሂ በተማረባቸው ዘጠኝ ዓመታት ይህን ጥያቄ አንስቶት አያውቅም። አሁን፣ በ2002 ዓ.ም. የኅዳር ፀሐይ ማጅራቱን እየለበለበው፣ ከኮተቤ በላይ ያለውን የካባ መንገድ ከኢቲቻ ኋላ ኋላ ሲወጣ ግን በየእርምጃው ይመጣበታል። መንገዱ ኤንትሬ የጭነት መኪኖች ድንጋይ ሲያመላልሱበት የኖረ ነው። የድንጋይ ካባው ከተዘጋ ወዲህ ጎርፍ እየሸረሸረው መሐሉ ቦይ ሆኗል፤ እግር ሲረግጠው ኮረቱ ይንሸራተታል።

«ዶክተር፣ ሳንባህን ሕንድ አገር ጥለኸው መጣህ እንዴ?» አለ ኢቲቻ ሳይዞር።

«አንተ ቅደም፤ እደርስብሃለሁ።»

ኤልቃና ዶክተር አልነበረም። የመመረቂያ ጽሑፉን ሳይጨርስ ነው የተመለሰው። መጀመሪያ ላይ «ዶክተር አይደለሁም» እያለ ያርም ነበር። ሰዉ ትሕትና መሰለውና ይብስ አጠበቀው፤ እሱም ደከመውና ተወው።

በትከሻው ባንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ የአሻራ ቀለም ያለባት ክብ ቆርቆሮ፣ ጣት መጥረጊያ ጨርቅና አንድ ወረቀት አለ። ሌሎቹ ወረቀቶች፣ ከአርባ የሚበልጡት፣ የባለቤቶቻቸው አሻራ አርፎባቸው፣ ምስክር ፈርሞባቸው፣ የቀበሌ ማኅተም ተመትቶባቸው፣ ከዋንዛ በተሠራ ሣጥን ውስጥ ገብተዋል። የቀረው የወይዘሮ ሙሉነሽ ነው። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አዲሱ ክሊኒክ ይመረቃል፤ ከምረቃው በኋላ ሣጥኑ የካባው ባለቤት የነበሩት የአቶ ለይኩን መቃብር ራስጌ ይገባል። ትናንት አሠሪው ጌድዮን እጁን ይዞ፣ «አንድ እንኳ ከጎደለ ለእኔ ሁሉም እንደጎደለ ነው። ወንድሜ፣ አደራ» ብሎታል።

ነገሩን ያመጣው ራሱ ኤልቃና ነው።

ባለፈው ሐምሌ ነበር። ሁለት ዓመት ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ከቆየ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያን ሰው አማላጅነት ጌድዮን ዘንድ ቀረበ። ጌድዮን የሟቹ የአቶ ለይኩን የወንድም ልጅና ወራሽ ነው። አጎቱ እንደሞቱ ካባውን ዘግቶ፣ በኮተቤ መንገድ ዳር የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክ ያሠራ ነበር። ያን ዕለት በፈረቃው መብራት ጠፍቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ መገናኛ ባለው ቢሮው ሻማ አብርተው ተቀመጡ።

«ለመሆኑ ያን ያህል ዓመት ምን ተማርክ?» አለው ጌድዮን።

ኤልቃና ስለ ሱልጣን ፊሩዝ ሻህ ነገረው። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት በደልሂ ስለነገሠው፣ ቦይ አስቆፍሮ ውኃ ስላመጣው፣ ድኻ በነፃ የሚታከምበት ቤት ስላቆመው፣ ሴት ልጃቸውን መዳር ላቃታቸው መዳሪያ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ስለከፈተው ንጉሥ። ከዚያ የሣጥኑን ነገር አነሣለት። ከፊሩዝ በፊት የነገሠው የአጎቱ ልጅ ጨካኝ ነበር፤ ዓይን ያስወጣል፣ እጅ ያስቆርጣል፣ ያስገድላል። ፊሩዝ ሲነግሥ የተበደሉትንና የሟቾቹን ወራሾች አስፈልጎ ካሳቸው። በምስክር ፊት የይቅርታ ወረቀት አስጻፋቸው። ወረቀቶቹንም በሣጥን አድርጎ የዘመዱ መቃብር ራስጌ አኖረ፤ ፈጣሪ አይቶ ምናልባት ቢምረው ብሎ።

የጌድዮን ጉንጭ በሻማው ብርሃን ሲያብረቀርቅ ኤልቃና አየ።

«አጎቴ ሊሞት ሲል ‹ሰዎቹን አስነሡ፣ ሊፈነዳ ነው› እያለ ነበር የሚያጣጥረው» አለ ጌድዮን። «ሌሊቱን ሙሉ። እኔ ነበርኩ አጠገቡ። ይህን ሣጥን ሥራልኝ።»

አንድ ነገር ግን ኤልቃና አልነገረውም። ያው ንጉሥ በራሱ ቃል ባስጻፈው ታሪክ፣ ከእሱ በፊት የነበሩት ሠርተውት የፈረሰውን እንዳስጠገነ፣ ጥገናውንም ከራሱ ሕንጻዎች እንዳስቀደመ ይናገራል። ኤልቃና ይህን በቃሉ ያውቀዋል። ነገር ግን የክሊኒኩ ግድግዳ ቆሞ ነበር፤ እሱም ሥራ ሊያገኝ ነበር፤ ጌድዮንም ያለቅስ ነበር። ጌታው እያለቀሰ ወሬውን የሚያርም ጸሐፊ የለም።

ኢቲቻ አንድ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ ጠበቀው። አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ቀጭን፣ ጨዋታ የማያልቅበት ሰው ነው። ካባው በሚሠራበት ዘመን እዚያ ይሠራ ነበር፤ ከነገ ጀምሮ የክሊኒኩ ጥበቃ ነው። አዲሱን ደንብ ልብስ ከተረከበ ሳምንት ሆኖታል፤ ሚስቱ ስታጥፈውና ስትዘረጋው እንደምትውል ለሰው ሁሉ ያወራል። የሸንተረሩን ሰው አንድ በአንድ ስለሚያውቅ በየወረቀቱ ላይ ምስክር ሆኖ የፈረመው እሱ ነው።

«እምቢ ቢሉስ?» አለ ኤልቃና እያለከለከ።

«ይላሉ እንጂ። ሁለት ጊዜ ቀበሌ ጠርቷቸው ቀርተው የለ?»

«ታዲያ ምን እናደርጋለን?»

ኢቲቻ አውራ ጣቱን ቀስሮ አሳየው። «ይቺ ምን አላት? አውራ ጣት አውራ ጣት ነው። መቃብር ከገባ በኋላ ማን ሊያመሳክር ነው? ምስጥ?»

ኤልቃና ሳቀ። ከዚያ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ፤ ትናንት ማታ ይህንኑ አስቦት ነበርና።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ድንች ይመርጡ ነበር። ኢቲቻን በኦሮምኛ፣ ኤልቃናን በአማርኛ ሰላም ብለው፣ የሚቀመጡበት ባዶ ጆንያ አነጠፉላቸው። ኤልቃና ቦርሳውን ሊከፍት ሲል አንድ ቅርጫት ወደ እሱ ገፋ አደረጉ።

«ያቆጠቆጠውን ወዲህ፣ ሌላውን ወዲያ። ያቆጠቆጠው ለዘር ነው።»

መረጠ። ሦስቱም መረጡ። ከኮተቤ መንገድ የታክሲ ጡሩምባ እንደ ሩቅ ወፍ ይሰማል። ቅርጫቱ ሲጋመስ፣ «በል እስቲ ወረቀቱን አንብብልኝ» አሉት።

ኤልቃና የእጁን አፈር አራግፎ አነበበ። «እኔ ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ የምጠቀምበት ምንጭ በካባው ፍርስራሽ በመቀበሩ፣ ልጄ ሶሬቲም በካባው መኪና ተገጭታ በመሞቷ ለደረሰብኝ በደል ተክሼ የረካሁ ስለሆነ፣ ሟች አቶ ለይኩንን በሙሉ ልቤ ይቅር ማለቴን በአውራ ጣቴ አረጋግጣለሁ።»

«ምንጩንና ሶሬቲን በአንድ መስመር ጻፍካቸው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ደግ አደረግህ። አንድ ናቸው።» እጃቸው መምረጡን አላቆመም። «ምንጩ ቢኖር ልጄ ጀሪካን ተሸክማ መኪና መንገድ ላይ ምን ልትሠራ?»

ኢቲቻ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌድዮን መቼም ደግ ሰው ነው፣ እትዬ። ላሚቱን ልኮልዎታል፣ የጣራውንም ቆርቆሮ…»

«ላሟ ጥሩ ናት። ትታለባለች። መለስኳት እንዴ?»

«አቶ ለይኩን እኮ አሁን በሕይወት የሉም» አለ ኤልቃና። «ሙት…»

«መሞቱን አውቃለሁ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ።»

ኤልቃና ከድንቹ ቀና አለ። «ቀብራቸው ላይ?»

«ጎረቤት አይደል? ለቅሶ ይቀራል እንዴ?» አሉ፣ ጥያቄው ራሱ እንግዳ ሆኖባቸው። «እሱ ግን ለሶሬቲ አልመጣም። በማግስቱ አልመጣም፣ በሰባቱም አልመጣም፣ በሙት ዓመቷም አልመጣም። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ። ካባው ከዚህ ቤት ሰው ቢጣራ የሚሰማበት ነው።»

ከዚያ ስለ ሹፌሩ ነገሩት። ሹፌሩ ከእስር እንደወጣ ከአባቱና ከአጎቶቹ ጋር ሆኖ መጣ። ከጅረቱ ማዶ ምሕረት ሊለምኑ ሣር ጨብጠው ቆሙ። መለሷቸው። በሳምንቱ ደግመው ቆሙ፤ መለሷቸው። ሦስት ጊዜ ተመለሱ። በአራተኛው ሽማግሌዎች ገቡበትና ታረቁ።

«እኛ ዘንድ ጉማ፣ የደም ዕርቅ፣ እንዲህ ነው» አሉ። «ደም ያለበት ሰው ራሱ ይመጣል። እሱ ከሌለ ዘመዱ ይመጣል። አሁን ያ ልጅ በመስቀል በመስቀል እየመጣ ይጠይቀኛል። ወረቀት አልጻፍኩለትም። እሱም አልጠየቀኝም።»

«እማማ፣ ጌድዮን ልከውኝ ነው እኮ እኔ…»

«አንተን ላከ። አንተ ማነህ?»

ይህን በክፋት አልነበረም ያሉት።

«የወንድሙ ልጅ ይምጣ። በእግሩ ይምጣ። ሣር ይዞ እዚያ ማዶ ይቁም። ከምንጬ ላይ ድንጋዩን ያንሣልኝ። ያኔ ይቺን ጣት ሳትጠይቁኝ እሰጣለሁ።»

«ነገ ምረቃ ነው። ክሊኒኩ ደግሞ ለእናቶች ነው፣ እማማ።»

«መልካም፤ ያስመርቅ። እኔ ከእንግዲህ ልወልድ አይደለም።»

ኢቲቻ ሳቀና ወዲያው በኦሮምኛ ፈጠን ፈጠን እያለ ይለምናቸው ጀመር። ወይዘሮ ሙሉነሽ ኤልቃና እንዲሰማ ብለው በአማርኛ መለሱለት።

«አንተ እንኳ ዝም በል፣ ኢቲቻ። ድማሚቱን ጉድጓድ ውስጥ የምትቀብረው አንተ ነበርክ። ምንጬን የደፈነው ድንጋይ በማን እጅ ተነሣ? አንተስ መቼ መጣህ? በዚህ በር ስታልፍ ስታገድም አሥራ ሁለት ዓመት፤ ዛሬ ገና ገባህ፤ እሱም ለምስክርነት።»

ኢቲቻ ከጎኑ ያስቀመጠውን ባርኔጣ አነሣ። ሊያጠልቀው ፈልጎ እንደገና አወረደው። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ፤ ሲሄድ ኮረቱ ሲንኮሻኮሽ ይሰማ ነበር።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ኤልቃናን ከቤታቸው ጀርባ ወሰዱት። ከአንድ ቤት የሚበልጥ የፍርስራሽ ቁልል ነው፤ ላዩን እሾህና ቁጥቋጦ አልብሶታል። ጎንበስ ብለው ከግርጌው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ገለበጡ። ሥሩ እርጥብ ነበር። ዙሪያውን ቀጫጭን ቄጠማ በቅሏል።

«አልሞተም» አሉ። «እታች ነው ያለው።»

«ይህን ለማንሣት ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሃያ ሰው ካለ ሦስት ቀን። ባሌ ዋቅጅራ ሰፍሮት ነበር። ራሱ እጀምረዋለሁ እያለ ሳለ ሞተ።»

ክሊኒኩ ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቷል። ኤልቃና ድንጋዩን አየ፣ ቄጠማውን አየ፣ ወደ ታች የክሊኒኩን አዲስ ሰማያዊ ጣራ አየ። ስለ ፊሩዝ ቦዮች መቶ ሃምሳ ገጽ ጽፏል። ውኃ እንዲህ ቅርብ ሆኖ አይቶ አያውቅም።

«እስከ ነገ ቀትር እዚህ ምንጩ ላይ እጠብቃለሁ በለው» አሉት።

ኢቲቻ ቀድሞት ወርዷል። ኤልቃና ብቻውን ሲወርድ ባሕር ዛፉ ዘንድ ተቀመጠ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘረጋ። የቀለሙን ቆርቆሮ ከፈተ። አውራ ጣቱን ነከረ።

ከስድስት መቶ ዓመት በፊት እንዲህ ወደ አንድ በር የተላከ ሰው ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎቹ ስለ ሣጥኑ ጽፈዋል፤ ስለዚያ ሰው አልጻፉም። እምቢ ተብሎ ሲመለስ ምን አደረገ? ቤቱ ልጆች ነበሩት ይሆናል። ጌታው አደራ ብሎት ይሆናል። ኤልቃና የጠቆረ ጣቱን አየ። ወረቀቱ ላይ ቢያሳርፈው፣ ሣጥኑ ሙሉ ይሆናል፤ ጌድዮን ያቅፈዋል፤ እሱም በወር መጨረሻ እንደ ሰው የቤት ኪራይ ይከፍላል፤ ማንም አያውቅም። አንዲት ሴት ብቻ፣ ሳያውቁ፣ ያላሉትን ይቅርታ እንዳሉ ሆነው መቃብር ውስጥ ይቀመጣሉ።

ጣቱን በሣር ጠረገ። ሣሩ አላጸዳለትም፤ በጨርቁም ጠረገው፤ ጥቁረቱ በጥፍሩ ዙሪያ ቀረ።

ስልኩን አወጣ። እዚህ ሸንተረር ላይ ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል። ክንዱን ዘርግቶ ሁለት መስመር እስኪያገኝ ተንጠራራ። የስልኩ ፊደል ላቲን ብቻ ስለሆነ አማርኛውን በላቲን እየቀጣጠለ፣ እየሰረዘ፣ ብዙ ደከመበት። እንዲህ ይላል፤

«ወንድም ጌድዮን፣ እማማ ሙሉነሽ አልፈረሙም። እርስዎ ራስዎ እንዲመጡ ይፈልጋሉ፤ በእግር፣ ሣር ይዘው። የልጃቸው ደም ነው። ምንጫቸው ከነሕይወቱ ነው፤ ሃያ ሰው በሦስት ቀን ያወጣዋል። ስለ ንጉሡ ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩዎት። ከራሱ ሕንጻ በፊት የፈረሰውን ነው ያስጠገነው። ይህን ሐምሌ ላይ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር፤ ሥራውን ፈልጌ ዝም አልኩ። ምረቃውን ሦስት ቀን ያቆዩት። ነገ እስከ ቀትር ይጠብቁዎታል።»

ላከው። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ነዘረ። «ደርሷል» ይላል።

ጠዋት ወደ ላይ ሲሄድ በክሊኒኩ በኩል አለፈ። ድንኳን ተተክሎ፣ የመዘምራኑ ልብስ በነፋስ እየተርገበገበ፣ አንድ ሰው «አንድ፣ ሁለት፣ ይሰማል?» እያለ ማይክ ይሞክራል። ሣጥኑ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ተቆልፏል፤ ቁልፉ ላይ ቢጫ ሪባን ታስሯል። ሙሉ ይሁን ጎደሎ ከውጭ አይታወቅም።

ጌድዮን ከእንግዶቹ መካከል ሆኖ ኤልቃናን በአጥሩ ውጭ አየው። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ጌድዮን ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ ተመለከተው። አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ ቆየ። ፊቱ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ፊት ነበር። ከዚያ አንድ ሽማግሌ እንግዳ ትከሻውን ነካው፤ ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተና እጁን ለሰላምታ ዘረጋ።

«ጥበቃው የት ሄዶ ነው በሩ ወና የሆነው?» ይላል አንዱ አስተናጋጅ።

ኤልቃና ጥበቃውን ያገኘው ላይ ነው። ኢቲቻ አዲሱን ደንብ ልብስ ለብሶ፣ ከደረቀው ጅረት ማዶ፣ ባርኔጣውን በብብቱ ይዞ ቆሟል። በእጁ እፍኝ ሣር ጨብጧል። ለኤልቃና ሰላምታ አልሰጠውም፤ ቀልድም አልጣለበትም። ከኋላው ጥቂት ራቅ ብለው ሁለት ዘመዶቹ ቆመዋል።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ከቤት ወጥተው አዩት። ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ በኦሮምኛ አንዲት አጭር ቃል ተናገሩ፤ ኢቲቻ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ፣ ሣሩን እንደያዘ ተመለሰ። ዘመዶቹም ተከተሉት።

«መለሱት?» አለ ኤልቃና።

«ዛሬ የመጀመሪያው ነው» አሉ። ድምፃቸው ግን ትናንት እንደነበረው አልነበረም። ቀጥለው ስልኩን በዓይናቸው አመለከቱ። «ያኛውስ? ምን አለ?»

«አልመለሱልኝም።»

«ደርሶታል?»

«ደርሷል ይላል። ሲያዩትም አይቻለሁ።»

ወይዘሮ ሙሉነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገብተው የድንቹን ጆንያ ጎትተው አወጡ። የጎረቤት ሰው አህያ አምጥቶ ጫነላቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊቱ ቆሙ።

«እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ» አሉት። «ዛሬ ሾላ ገበያ መድረስ አለብኝ። እስከ ቀትር አንተ ጠብቅልኝ።»

አህያዋን ተከትለው ወረዱ። ኤልቃና ቁልሉ ግርጌ ከጠፍጣፋው ድንጋይ አጠገብ ተቀመጠ። ባዶውን ወረቀት ድንጋዩ ላይ አኖረ፤ ነፋስ እንዳይወስደው ስልኩን ጫነበት። ከታች መዝሙሩ ጀመረ፤ ከመዝሙሩ በኋላ ንግግር፤ ከንግግሩ በኋላ ጭብጨባ። ቀትር ሊሆን ሲል መኪኖቹ ከሣጥኑ ጋር ተሰልፈው ወደ መካነ መቃብሩ ሄዱ። የካባውን መንገድ ሽቅብ ቢያየው፣ ቁልቁል ቢያየው፣ ሰው የለበትም።

ጥላው እግሩ ሥር ሲሰበሰብ ስልኩን አነሣና አየው። «ደርሷል» ይላል። መልሶ አስቀመጠው። ቀትር አለፈ፤ ኤልቃና ግን አልተነሣም። ያን ቀን መልስ አልመጣም፤ በማግስቱም አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም።